አንድ ሰው እስከ ማታ

ማራኪ የምትባለው የጎረቤት ልጅ ቦርሳዋን አንግታ ከግቢ ስትወጣ የለበሰችው የትምህርት ቤት ሹራብ የሆሳዕና ነበር። የሆሳዕና እናት የኔነሽ መጀመሪያ ዓይኗን አላመነችም፤ የአንድ ትምህርት ቤት ዩኒፎርም መቼም አንድ ዓይነት ነው። ግን የግራ ክርኑ ላይ ያለውን ልጥፍ የሰፋችው እሷው ራሷ ናት፤ ክሩ ከሹራቡ ቀለም ጋር አልሄደም ተብሎ አንድ ሳምንት ሙሉ ተኮርፎባታል። የጥርስ ብሩሿን እንደያዘች ቧንቧው አጠገብ ቆማ "ማን ሰጠሽ?" ብላ ስትጠይቃት ማራኪ አቀረቀረች። "ሆሲ ናት። ከእንግዲህ አያስፈልገኝም ብላኝ ነው። አጥባ፣ ተኩሳ ነው የሰጠችኝ" አለች፤ የሰው ልብስ እንዳልሰረቀች ማስረዳቷ ነበር። ልጅቷ ምን አጠፋች? የኔነሽ አፏን ተጉመጠመጠችና ወደ ቤት ገባች።

ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው፤ አንደኛው ሳሎንም፣ ወጥ ቤትም፣ የሆሳዕና መኝታም ሆኖ ያገለግላል። ሆሳዕና ሶፋው ላይ በቤት ልብሷ ተቀምጣ ዳቦ በሻይ ትበላለች። አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም። ፊቷ ላይ ያለው ዕረፍት ነው፤ ከባድ ዕቃ አውርዶ መንገድ ዳር አረፍ እንዳለ ሰው። አባቷ ሀብተሥላሴ በሩ አጠገብ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ያስራል። የዱቄት ፋብሪካ መጋዘን ውስጥ የሚሠራ፣ ንግግር የማያበዛ ሰው ነው። የልጁ ትምህርት ሲነሳ ሁልጊዜ የሚላት አንድ ነገር ብቻ ናት፤ "አስተማሪዋ አንቺ ነሽ።" ዛሬ እሷንም አላለም። ክሩን አስሮ ከጨረሰ በኋላ ፈታውና እንደገና ማሰር ጀመረ።

"ሹራብሽን መስጠትሽ ምን ማለትሽ ነው?" አለች የኔነሽ።

"ትምህርት ቤት አልሄድም ማለቴ ነው። ለፈተናውም አልመዘገብም።"

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ምዝገባ የሚዘጋው ነገ ነው። የኔነሽ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች፤ በዚያው ትምህርት ቤት ሥነ ዜጋ የምታስተምረው እሷ ናት፣ ማስታወቂያውንም ሰሌዳው ላይ የለጠፈችው እሷ ናት። "ፈርተሽ ነው?" አለቻት። "ከክፍሉ ዘጠነኛ የወጣሽ ልጅ ምን ያስፈራሻል?"

"ብወድቅም ባልፍም ያው ስለሆነ ነው። ብወድቅ ቤት ነኝ። ባልፍ አራት ዓመት ቆይቼ ቤት ነኝ።" ሆሳዕና ዳቦዋን አስቀመጠች። "እማዬ፣ እኔ እኮ ልከራከርሽ አልፈልግም። አንድ ነገር ብቻ አድርጊልኝ። ካስተማርሻቸው ውስጥ አንድ ሰው አምጪልኝ። ሀብታም ይሁን አላልኩም። ጠዋት ተነስቶ የተማረውን ሥራ የሚሠራ፣ አንድ ሰው።"

የኔነሽ ሳቀች። "አንድ? ግቢውን ልሙላልሽ?"

"አንድ ይበቃኛል። እስከ ማታ ካመጣሽ ነገ እመዘገባለሁ። ካላመጣሽ ግን ሁለተኛ ትምህርት የሚባል ነገር እንዳታነሺብኝ።"

ሀብተሥላሴ ቀና ብሎ አንዴ ሚስቱን፣ አንዴ ልጁን አየ። አንድ ነገር የሚናገር መስሎ ነበር። "ደህና ዋሉ" ብሎ ወጣ።

የኔነሽ ለትምህርት ቤቱ ዩኒት ሊደር ደውላ ሆዴን አሞኛል አለች። በዚያን ቀን የዋሸችው የመጀመሪያው ውሸት ይሄ ነበር፤ ትንሽ ስለሆነ ከቁም ነገር አልቆጠረችውም። ጠዋት ላይ ለሁለት ክፍል ልታስተምር ያዘጋጀችው ምዕራፍ ስለ ኃላፊነት የሚያወራው ነበር። ጃኬቷን ደርባ፣ ነጠላ ጫማዋን በጥቁሩ ጫማ ቀይራ ስትወጣ እንዲያውም ደስ ደስ ብሏት ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ ስም የጠራች፣ ስንት ልጅ አስተምራ ያሳለፈች ሴት አንድ ሰው ታጣለች ወይ? ቆጥራ የምትጨርሰው እንኳ አልመሰላትም።

ችግሩ የኔነሽ ተማሪን የምታስታውሰው በደረጃው መሆኑ ነው። በዚህ እሷን ብቻ መውቀስ አይቻልም፤ አገሩ ሁሉ እንዲህ ነው። ልጅ መንገድ ላይ ሲገኝ "ስንተኛ ወጣህ?" ይባላል እንጂ ምን ተማርክ ያለው ሰው የለም። የወላጆች ቀን ሲደርስ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት መድረክ ላይ ይጠራሉ፣ በሚያብረቀርቅ ወረቀት የተጠቀለለ ደብተርና እስክሪብቶ ይቀበላሉ፣ እናቶቻቸው እልል ይላሉ። የቀሩት ሃምሳ ምናምን ልጆች ያጨበጭባሉ። የኔነሽም ክፍል ኃላፊ በሆነችበት ዓመት ሁሉ አንደኛ የወጣውን ልጅ "አንደኛዬ" እያለች ነው የምትጠራው። ስለዚህ ዛሬ ሰው ፍለጋ ስትወጣ ወደ አእምሮዋ የመጡት አንደኞቹ ብቻ ነበሩ። ሌላ ሰው ማስተማሯን የረሳች ያህል ነበር።

ወደ አየር ጤና በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ኋላ ወንበር ላይ ተጣብቃ ስትቀመጥ አጠገቧ ያለችው ሴት "ቲቸር" አለቻት። ጠየም ያለች፣ ወፍራም ሹራብ የለበሰች፣ እግሮቿ መሃል አንድ የታሰረ ጆንያ ያስቀመጠች ሴት ናት። የኔነሽ ፈገግ አለች እንጂ አላወቀቻትም። "ሰብሌ ነኝ፤ ያስታውሱኛል? ከኋላ፣ መስኮቱ ጋ ነበር የምቀመጠው።" የኔነሽ "እንዴ፣ አንቺ ነሽ እንዴ" አለች፤ ይሄኛው ሁለተኛው ውሸት ነው። ወሬ እንዳይቋረጥ ብላ "ስንተኛ ነበርሽ?" ስትላት ሰብሌ ሳቋ መጣ። "ኧረ ቲቸር፣ እኔ ሠላሳ ምናምነኛ ነኝ። የታክሲ ሒሳብ እንዳያወጡ፣ እኔ እከፍላለሁ።" የሁለቱንም ከፈለች። አየር ጤና ሳይደርሱ "ወራጅ አለ" ብላ ጆንያዋን አቅፋ ስትወርድ ሁለት ሰዎች መንገድ ዳር ሆነው ይጠብቋት ነበር፤ እየተቻኮለች አብራቸው ሄደች። ምን እንደምትሠራ የኔነሽ አልጠየቀቻትም። ሐሳቧ ሌላ ቦታ ነበር።

መጀመሪያ የሄደችው አልፊያ ጋ ነው። አልፊያ ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል አንደኝነቷን ለማንም ሳታስነካ ወጥታ፣ አካውንቲንግ ተምራ በማዕረግ የተመረቀች ልጅ ናት። አየር ጤና ላይ የመጋረጃ ሱቅ ውስጥ እንዳለች የኔነሽ ሰምታለች። ሱቁ ጠባብና ረጅም ነው፤ ከወለል እስከ ጣሪያ ጥቅል ጨርቅ ተደርድሯል፣ አንዲት ሴትዮ የሜትሩ ዋጋ ካለፈው ሳምንት በምን እንደጨመረ እየጠየቀች ትከራከራለች። አልፊያ መምህሯን ስታይ ከባንኮኒው ወጥታ ሳመቻት፣ ሻይ አስመጣችላት፣ ሴትዮዋን ሸኝታ መጥታ የኔነሽ የምትለውን እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያ በመቀሱ የተቆራረጠ ክር ከባንኮኒው ላይ ጠረገች።

"ብመጣ ደስ ይለኝ ነበር ቲቸር" አለች በመጨረሻ። "ግን ምን ልበላት? ሱቁ የአባቴ ነው። ወንድሜ ስምንተኛ ክፍል ላይ አቋርጦ ወዲያ ማዶ ያለውን ሱቅ ይዟል፤ የሱ ከኔ ይበልጣል። ልጅዎ ብልህ ከሆነች መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ይሄንኑ ነው።"

"ሒሳብ አያያዙስ? የተማርሽው?"

"ሒሳቡን የሚይዘው ባሌ ነው" አለች አልፊያ፤ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቁ ፊቷ ላይ ቶሎ ጠፋ። ለመምህሯ የአንድ መስኮት መጋረጃ በነፃ ልትቆርጥላት ፈልጋ ነበር። የኔነሽ የመስኮቷን ስፋት አላውቀውም ብላ አመለጠች።

ከአየር ጤና ወደ ውስጥ የሚገባውን የኮብልስቶን መንገድ ይዛ ስትሄድ የጠዋቱ ደስታ አብሯት አልነበረም። ቢሆንም ቢቂላ አለ። የቢቂላን ያህል የሚያኮራ ተማሪ አልነበራትም፤ ገመቹ ከሚባል ጓደኛው ጋር አንደኝነቱን እየተቀባበሉ፣ አንድ ሴሚስተር እሱ፣ አንድ ሴሚስተር ያ፣ ትምህርት ቤቱን ጉድ ያሰኙ ልጆች ናቸው። የቢቂላ እናት በሩን የከፈተችው በጣም ቀስ ብላ ነው። "መምህርት፣ እንዴት ነዎት፤ ይግቡ፣ ይግቡ" አለች፤ ድምፅዋን ግን ዝቅ አድርጋ፣ አራስ ያለበት ቤት ይመስል። ሳሎኑ ጨለም ያለ ነው፣ መስኮቱ ተዘግቷል። ግድግዳው ላይ ቢቂላ ጥቁር ጋዋን ለብሶ የተነሳው ትልቅ ፎቶ አለ፤ ፍሬሙ ላይ የፕላስቲክ አበባ ተጠምጥሞበታል።

"ቢቂላ የለም?" አለች የኔነሽ።

"አለ። ተኝቷል።"

ስድስት ሰዓት አልፏል። የኔነሽ የሌሊት ሥራ ይሆናል ብላ ተስፋ አደረገች። "ማታ ነው የሚሠራው?" አለች። የቢቂላ እናት የጠረጴዛውን ልብስ አስተካከለች። ከመጋረጃው ጀርባ አልጋ ሲንቋቋ ተሰማ፣ ሰው ተገላበጠ፣ ጸጥ አለ። ነቅቷል፤ የመምህርቱን ድምፅ ሰምቷል፤ አልወጣም። ሁለቱ ሴቶች መጋረጃውን ላለማየት ፎቶውን አዩት። "መስኮቱን የዘጋሁት በቆሼው ቆሻሻ ሽታ ነው" አለች እናቲቱ፣ ማንም ሳይጠይቃት፤ ዛሬ ደግሞ ነፋስ የሚባል የለም። ከዚያ ስለ ሽንኩርት ዋጋ አወሩ፣ ስለ ውሃው ፈረቃ አወሩ። ስትወጣ በሩ ላይ እናቲቱ እጇን ያዘቻትና "ቤት ከተቀመጠ አራት ዓመቱ ነው" አለቻት። "ሰው ሲመጣ ተኝቷል እላለሁ። ገመቹ ብቻ ነው አልፎ አልፎ ብቅ ብሎ የሚጠይቀው። እሱ እንኳን ተመስገን ነው፤ ጦር ኃይሎች አካባቢ ቢሮ አለው ይላሉ።"

ቢሮ የሚለው ቃል የኔነሽን እንደገና አቆማት። በመንገዱ ሁሉ ለራሷ ደጋገመችው። ከአልፊያም ከቢቂላም ይልቅ ገመቹ ነበር የሰው ጥያቄ ሳያልቅ እጁን የሚያወጣው፤ የውሃ ምህንድስና መማሩን ታስታውሳለች። ጦር ኃይሎች ወርዳ፣ ሰው ጠይቃ፣ ከታች ጫማ የሚሸጥበት አንድ አሮጌ ፎቅ ደረጃ ወጣች። በሩ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ "ፎቶ ኮፒ፣ ፕሪንት፣ ጉርድ ፎቶ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ማማከር" ይላል። ውስጥ አንድ የኮፒ ማሽን፣ አንድ ኮምፒውተር፣ ለፎቶ የሚቆሙበት ነጭ ጨርቅ፣ ጨርቁ አጠገብ በምስማር የተሰቀለ አንድ ጥቁር ኮት አለ። ኮት የሌለው ሁሉ ጉርድ ሲነሳ የሚለብሰው እሱን ነው፤ አንገትጌው ከስንቱ ሰው አንገት ብዛት አብረቅርቋል። ገመቹ ከኮምፒውተሩ ፊት ተነስቶ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ተማሪ እያለ እሷ ስትገባ እንደሚያደርገው።

ወንበሩን ለቀቀላትና እሱ የወረቀት ካርቶን ላይ ተቀመጠ። ቀጭን ነው፣ መነጽር አድርጓል፣ ጺሙ ተስተካክሏል። "ሱቁ ያንተ ነው?" አለችው።

"የሰው ነው። እኔ የማማከሩ ክፍል ነኝ" አለ። ከዚያ መምህርቱን አየና እሷ ፊት ይሄን ማቆንጀት ያሳፈረው መሰለ። "እጽፋለሁ፣ ቲቸር። የሰዎችን መመረቂያ ጽሑፍ እጽፋለሁ። የዲግሪም፣ የማስተርስም። አሁን የያዝኩት የአንድ ኃላፊ ነው። ርዕሱን ቢሰሙ ይስቃሉ፤ የሥነ ምግባር ትምህርት ሙስናን በመከላከል ረገድ ስላለው ሚና ነው። የእርስዎን ኖት ነው የተጠቀምኩት።"

"የኔን ኖት ከየት አገኘኸው?"

ገመቹ ጭንቅላቱን በጣቱ ነካ። ዓይኑን ወደ ጣሪያው አድርጎ ስለ ኃላፊነት የሚያወራውን ክፍል ከመጀመሪያው ጀመረላት፤ ሰሌዳ ላይ በጻፈችው ቅደም ተከተል፣ ሀ፣ ለ፣ ሐ እያለ፣ አንድ ቃል ሳይዘል። የኔነሽ ከንፈሯ ሳታስበው አብሮት ተንቀሳቀሰ። ዛሬ ጠዋት ልታስተምረው የነበረው እሱን ነው። እዚያ ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ የኮፒ ማሽኑ እየጮኸ፣ እንዲያቆም ፈለገች፤ እሱ ግን እስከ መጨረሻው ወሰደው።

"ዘንድሮ ስንት ኤ እንዳገኘሁ ቢያውቁ" አለ ገመቹ። "ስሜ የለበትም እንጂ።"

ተመርቆ አንድ የውሃ ፕሮጀክት ላይ ገብቶ ነበር። ፕሮጀክቱ ቆመ። ያኔ ማመልከቻ ይዞ መዞር ጀመረ፤ ሲዞር ወረቀት የሚያባዛበት ሱቅ ይሄ ነበር፤ አንድ ቀን አንድ ሰው ጽሑፉን አስተካክልልኝ አለው፤ አስተካከለለት፤ በዚያው ቀረ። ይሄን ሁሉ የነገራት ምሬት በሌለው ድምፅ ነው፣ ሌላ ሰው ላይ የደረሰ ነገር ይመስል። የኔነሽም በተራዋ ስለ ሆሳዕና ነገረችው፤ ስለ ነገው ምዝገባ፣ ስለ ጠዋቱ ውርርድ፣ ስለ አልፊያ። የቢቂላን ነገር ስታነሳ ገመቹ "አውቃለሁ" ብሎ አሳለፈላት።

"አንድ ሰው ብቻ ነው የፈለገችው?" አለ።

"አንድ።"

"ታዲያ እኔ አለሁ እኮ። ጠዋት ተነስቼ የተማርኩትን ነው የምሠራው።" ሁለቱም አልሳቁም። ገመቹ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። "ልጅዎ የጠየቀችው ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ እንደዚያ ዓይነት ጥያቄ ጠይቄ አላውቅም። እኔ መመለስ ነው የማውቀው። አሥራ ሁለት ዓመት ስትጠይቁኝ መለስኩ፣ ዩኒቨርሲቲ ሲጠይቁኝ መለስኩ። ከወጣሁ በኋላ የሚጠይቀኝ ሰው ጠፋ። ቢቂላም እንደዚያው ነው። ዝም ብሎ ጥያቄ ይጠብቃል፤ ተኝቶ ይጠብቃል።"

የኔነሽ ይቅርታ ልትጠይቀው ፈለገች፤ ለምኑ እንደምትጠይቀው ግን ለይታ ማወቅ አቃታት። እጇን ቦርሳዋ ላይ እንደጫነች ልትነሳ ስትል እሱ ቀድሞ ተነሳ።

"ማታ እመጣለሁ" አለ። "ጥያቄውን ነግረውኛል። መልሱን አውቃለሁ።"

"ልትዋሽልኝ ነው?"

"ልመልስልዎት ነው።"

አይሆንም ማለት ነበረባት። ስንት ዓመት ሐቀኝነት የሚል ርዕስ ሰሌዳ ላይ በቀይ ጠመኔ አስምራበታለች። ነገር ግን ነገ ምዝገባው ይዘጋል፣ ሆሳዕናም ያለችውን የምታደርግ ልጅ ናት፤ ከዚያ በኋላ የቢቂላ እናት ቤት የነበረው ጨለማ የሷም ሳሎን ውስጥ ሲገባ ታያት። የሰፈሯን ፌርማታ ስም ነገረችው። ስትወርድ ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ ቆማለች፤ አልተመለሰችም።

ገመቹ የመጣው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ያንን ጥቁር ኮት ለብሶ፣ ጫማውን አስጠርጎ፣ ሁለት ኪሎ ብርቱካን ይዞ መጣ። የኔነሽ "ተማሪዬ ነበር፤ ኢንጂነር ነው" ብላ አስተዋወቀችው። መጀመሪያ ላይ ልጅቷ ቀዝቀዝ ብላ ነበር። "የት ነው የሚሠሩት?" ብላ እንደ መርማሪ ጀመረች። እሱ "አንተ በይኝ" አላትና አንድ የግል አማካሪ ድርጅት ነው አለ፤ የውሃ መስመር ዲዛይን እንሠራለን አለ። "ለምሳሌ እዚህ ሰፈር ውሃ በፈረቃ የሚመጣው ለምን ይመስልሻል?" አላት። ሆሳዕና ውሃ ስለሌለ ነው አለች። እሱ ብርቱካን ከፌስታሉ አወጣና ጠረጴዛው ላይ ደረደረ፤ ይሄ ጉብታው ነው፣ ይሄ ማጠራቀሚያው ነው፣ ይሄ የናንተ ቤት ነው እያለ፣ ግፊት የት ላይ እንደሚደክም፣ ቱቦ የት ላይ እንደሚያፈስ፣ አንድ መሐንዲስ ጠዋት ገብቶ የመጀመሪያ የሚያየው ምን እንደሆነ ነገራት። ሆሳዕና ከሶፋው ወርዳ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። አንዱን ብርቱካን አንስታ "እዚህ ብናደርገውስ?" አለች። ገመቹ ትንሽ አሰበና "እሱን አላሰብኩትም ነበር" አላት።

የኔነሽ ድስቱን እያማሰለች ጀርባዋን ሰጥታቸው ትሰማለች። መጀመሪያ የፈራችው ውሸቱ እንዳይታወቅ ነበር። እየቆየ ሌላ ነገር ነው የጨነቃት። ድምፁ ውስጥ ውሸት የለም። ጠረጴዛው ጋ ያለው ሰው እውነተኛ መሐንዲስ ነው፤ ሥራውን ይወዳል፣ ሥራውን ያውቃል፣ የጎደለው መሥሪያ ቤቱ ብቻ ነው። የሚያወራው ሊኖረው ይገባ ስለነበረው ኑሮ ነው፤ በየቀኑ በልቡ ሲኖረው የከረመ ኑሮ ሳይሆን አይቀርም፣ እንዲህ ሳይደናቀፍ የሚነግራት። አዘነችለት። ልጇ ደግሞ ወራት ሙሉ ባልሰማችው ሳቅ ስትስቅ ሰማች፤ ለሷም አዘነች፤ የትኛው ሐዘን እንደሚከብድ መለየት አቃታት።

ሀብተሥላሴ ሲገባ ፀጉሩ ላይ ዱቄት ነበር። እንግዳውን ጨብጦ፣ ታጥቦ መጥቶ፣ ጥግ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ኮቱን አየ፣ ብርቱካኖቹን አየ፣ ልጁን አየ። ከዚያ እሱ ይናገራል ተብሎ በማይታሰብበት ሰዓት ተናገረ። "ልጄ፣ እዚያ መሥሪያ ቤት ሰው ትቀጥራላችሁ?" አለ። "የእህቴ ልጅ አለ፤ ጆሲ ይባላል። እንዳንተው ኢንጂነሪንግ ነው የጨረሰው። ቤት ተቀምጧል።"

የኔነሽ ማማሰሏን አቆመች። ገመቹ ለአፍታ ወደሷ ዞር አለ፤ ፈተና ላይ ያልተማረው ጥያቄ የመጣበት ተማሪ ዓይን ነበር። "እጠይቅለታለሁ፣ ጋሼ" አለ። ሀብተሥላሴ የገመቹን እጅ በሁለት እጁ ያዘ። "ባክህ፣ እንዳትረሳው። እናቱ ታማ ነው ያለችው፤ በሐሳብ ብቻ" አለ፤ ሰውን ብዙ የማይለምን ሰው ስለሆነ ልመናው ያስጨንቃል። ወዲያው ለእህቱ ልደውልላት ብሎ ስልኩን ይዞ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባ። በመጋረጃው በኩል "አዎ፣ ኢንጂነር ነው፤ እኛው ቤት ነው ያለው" ሲል ይሰማል። የኔነሽ ልታስቆመው ትችል ነበር። ድስቱን አወረደች።

ሆሳዕና "ነገ እመዘገባለሁ" ያለችው ማንም ሳይጠይቃት ነው፤ ራቱ ከቀረበ በኋላ፣ ጉርሻዋን እያጠቀለለች። "አንድ ቀን ቢሮህ መጥቼ ባየውስ?" አለችው ገመቹን። "ትመጫለሽ" አላት። "ፈተናው ይለፍና ትመጫለሽ።"

የኔነሽ እስከ ግቢው በር ሸኘችው። ገመቹ ኮቱን አውልቆ በጥንቃቄ አጥፎ ክንዱ ላይ ያዘው፤ ጠዋት ጉርድ የሚነሳ ሰው አያጣውም። ልታመሰግነው አስባ ወጥታ ነበር፤ እዚያ ስትደርስ ቃሉ የሚያሳፍር ሆነባት። እሱ ደግሞ መሄድ አልፈለገም። እጁን ወደ ኋላው አድርጎ፣ የፈተና ወረቀቱን ሊቀበል ጠረጴዛዋ ፊት እንደሚቆም ልጅ ቆመ።

"ቲቸር" አለ። "ስንት ሰጡኝ?"

ቀልድ መስሏት ፊቱን አየችው። አልቀለደም። ዓይኖቹ እሷ ላይ ተተክለው ይጠብቃሉ፤ ይሄ ሰው ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው፣ ጺም አውጥቷል፣ ለኃላፊዎች ዲግሪ ጽፏል፣ አሁን ግን ከንፈሩ በጉጉት ትንሽ ተከፍቷል። የኔነሽ ልትቀንስበት አሰበች። የሆነ ሰው፣ የሆነ ቀን፣ ሊቀንስበት ይገባ ነበር። ነገር ግን የምትቀንሰው ከሱ ሳይሆን ከራሷ እንደሆነ ገባት፤ ያንን ለማድረግ ደግሞ ድፍረቱ የላትም፣ ጊዜውም አልፏታል።

"ከመቶ መቶ" አለችው።

የገመቹ ፊት ፈካ። በገዛ ስሙ ውጤት ካገኘ ስንት ዓመቱ ነው። "አመሰግናለሁ፣ ቲቸር" ብሎ ዝቅ ብሎ እጅ ነሳ፣ ደስ ብሎት፣ ከልቡ ደስ ብሎት፣ በኮረኮንቹ ላይ ፈጠን ፈጠን እያለ ወደ ታክሲው ወረደ። የኔነሽ እስኪታጠፍ አየችው። ከቤት ውስጥ የሆሳዕና ድምፅ መጣ።

"እማዬ፣ ነገ ጥለሽኝ እንዳትሄጂ። አብረን ነው የምንሄደው።"

"እሺ" አለች የኔነሽ። በሩን ዘጋች፤ ክፍል ከመግባቷ በፊት እንደምታደርገው ፊቷን እስክታስተካክል ድረስ ግን እዚያው ቆየች።